የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አንዱን ጂግ በስንት ኪይ?

ባለፈው እትም በዚህ ዓምድ ስለ አየርላንድና ስለ ስኮትላንድ የዳንስ ዜማዎች፣ በተለይም በስድስት ስምንተኛ ምት ስለሚሄደው ጂግ አጠር ያለ ማብራሪያ አውጥተን ነበር። ከዚያ ወዲህ የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ ዜማዎቹ ለምን በጥቂት ኪዮች (ኪይ ማለት ዜማው የሚያርፍበት ድምፅና የሚጠቀምባቸው ድምፆች ስብስብ ነው) ዙሪያ እንደተሰበሰቡና ወደ ሌላ ኪይ ሲዛወሩ ምን እንደሚገጥማቸው ይጠይቃሉ። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለዚሁ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የዓምዱ አዘጋጅ። ዋሽንት ከልጅነቴ ጀምሮ እጫወታለሁ። በቅርቡ አንድ ዘመዴ ከአየርላንድ ሲመጣ ቲን ዊስል የምትባለውን ባለ ስድስት ቀዳዳ የብረት ዋሽንት ይዞልኝ መጣ፤ ኪይዋ ዲ እንደሆነም ነገረኝ። ያጠናኋቸው ጂጎች ሁሉ ግን በዲ ወይም በጂ ሆኑብኝ። መሣሪያዋ ሌላ ኪይ አትችልም ማለት ነው? ወይስ እኛ ዋሽንት በየመጠኑ እንደምንይዘው ለየኪዩ ሌላ ሌላ መግዛት ይኖርብኛል? — ዋሽንት ነፊው፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ዊስልዎ ከሚያስቡት በላይ ትችላለች፤ ሌላ ለመግዛት ከመቸኮልዎ በፊት በእጅዎ ያለችውን አሟጥጠው ይወቋት። ዜማዎቹ በዲና በጂ ዙሪያ የተሰበሰቡት እንዲያው በልማድ ብቻ አይደለም። የተጫወቱባቸው መሣሪያዎች ራሳቸው የተሠሩት በዚያ መልክ ነው። ቲን ዊስል፣ ባለ ስድስት ቀዳዳው የእንጨት ፍሉት፣ እንዲሁም በክንድ ሥር በሚያዝ ወናፍ አየር እየተሞላ የሚጫወተው ኢለን ፓይፕስ የሚባለው የአየርላንድ ባግፓይፕ በአብዛኛው ዝቅተኛ ድምፃቸው ዲ ነው። የቫዮሊን ባዶ ክሮች ደግሞ ጂ፣ ዲ፣ ኤ እና ኢ በመሆናቸው ከእነዚህ ጋር ያለ ችግር ይገጥማሉ።

አሁን መሣሪያዋን ያንሱ። ስድስቱንም ቀዳዳዎች ደፍነው ሲነፉ ዲ ያገኛሉ፤ ከታች ጀምረው ጣትዎን አንድ በአንድ ሲያነሱ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ (ግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ ኤፍ)፣ ጂ፣ ኤ እና ቢ በተራ ይመጣሉ፤ ሁሉም ሲከፈት ሲ ሻርፕ ይሆናል። ይህ የዲ ሜጀር ስኬል ነው። ጂ ሜጀር ከዚህ የሚለየው በአንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ሲ ሻርፕ ወደ ሲ ዝቅ ይላል። ለዚህም የላይኛውን ቀዳዳ ክፍት ይተዉና ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ይድፈኑ፣ የታችኞቹን ሦስቱን ይክፈቱ። ዋሽንት የለመደ ጣት ይህን ቶሎ ይይዘዋል።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ይሰፋል። ስለ ቅኝት ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል፤ ድምፆቹ እነዚያው ሆነው ዜማው የሚያርፍበት ድምፅ ሲለወጥ ስሜቱ አብሮ እንደሚለወጥ ያውቁታል። ጂግም እንዲሁ ነው። የዲ ሜጀርን ጣቶች ምንም ሳይቀይሩ ዜማው ኢ ላይ ካረፈ ኢ ዶሪያን፣ ኤ ላይ ካረፈ ኤ ሚክሶሊዲያን፣ ቢ ላይ ካረፈ ቢ ማይነር ይሆናል። ሲን ዝቅ አድርገው በጂ ሜጀር ጣቶች ሲጫወቱ ደግሞ ከጂ ሌላ ኤ ዶሪያን፣ ዲ ሚክሶሊዲያን እና ኢ ማይነር ይገኛሉ። እንግዲህ በአንዲት የዲ ዊስል፣ አንድም ቀዳዳ በግማሽ ሳይደፍኑ፣ ስምንት ዓይነት ቅኝት አለዎት ማለት ነው፤ ሙዚቀኞች ተሰባስበው በሚጫወቱበት ሴሽን ላይ ከሚሰሙት ጂጎች አብዛኞቹም ከእነዚህ አይወጡም። ልዩነቱን በጆሮዎ ለማጣራት ሦስት የታወቁ ጂጎችን አጠገብ ለአጠገብ ያጥኑ፦ «ዘ ኬሽ» በጂ ሜጀር ነው፣ «ሞሪሰንስ ጂግ» በኢ ዶሪያን ነው፣ «ባኒሽ ሚስፎርቹን» ደግሞ በዲ ሚክሶሊዲያን ነው። እግረ መንገድዎን ደግሞ ትዝታ ሜጀርን ከዲ፣ ከጂ እና ከኤ አስነሥተው ይሞክሩት፤ በሦስቱም ያለ ምንም ልዩ አደፋፈን ይወጣልዎታል።

ችግሩ የሚጀምረው ኤ ሜጀር ላይ ነው። ጂ ሻርፕ ስለሚያስፈልግ የላይኞቹን ሁለት ቀዳዳዎች ደፍነው ሦስተኛውን በግማሽ መክፈት ይኖርብዎታል፤ በዝግታ ሲጫወቱት ይወጣል፣ በጂግ ፍጥነት ግን ንጹሕ አድርጎ ማውጣት ነባር ተጫዋቾችንም ያስቸግራል። ሌላ ዊስል መግዛት ትርጉም የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። የጣቱ አካሄድ በሁሉም መጠን አንድ ነው፤ በሲ ዊስል ላይ የዲ ጣቶችን ሲጫወቱ ዜማው በሲ ይሰማል። ኢለን ፓይፕስ የሚጫወቱትም እንዲሁ ያደርጋሉ፦ ከተለመደው ከዲ ዝቅ ብለው በሲ ሻርፕ፣ በሲ፣ በቢ ወይም በቢ ፍላት (ግማሽ ድምፅ ዝቅ ባለ ቢ) የተሠሩ አሉ፣ ተጫዋቹ ግን ጣቱን ሁልጊዜ በዲ ስም ነው የሚጠራው።

ሌላው ገደብ የድምፅ ስፋት ነው፤ ዊስሏ ከታችኛው ዲ በታች ድምፅ የላትም። «ዘ ኬሽ»ን ከጂ ወደ ዲ አውርደው ቢጫወቱት የመጀመሪያው ክፍል እስከ መዝጊያው ድረስ ይሄድልዎታል። በተለመደው አጨዋወት ግን ክፍሉ የሚዘጋው ከማረፊያው ግማሽ ድምፅ ዝቅ ብሎ በመመለስ ነው፤ በጂ ኤፍ ሻርፕ የነበረው በዲ ሲ ሻርፕ ሲሆን መሣሪያዋ ታልቅብዎታለች። እንዲህ ሲገጥም ያችን አንዲት ድምፅ ወደ ላይኛው ኦክታቭ ማውጣት ወይም ማረፊያውን ዲን ደግሞ ነክቶ ማለፍ ይቻላል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ዝላዩ በተለይ ለዳንስ ሲጫወቱ ጆሮ ይይዛል።

ጥያቄ፦ አንድ ጂግ በዲ የተጻፈበትን ኖታ ይዤ፣ ኖታው የተወሰደበትን ቅጂ ከፍቼ አብሬ ልጫወት ስል ምንም አይገጥምም። ቅጂው ግማሽ ድምፅ ያህል ከፍ ይልብኛል። መሣሪያዬ ተበላሽቶ ይሆን? — ከአዲስ አበባ፣ ቀበና

መልስ፦ ልዩነቱ በትክክል ግማሽ ድምፅ ከሆነ መሣሪያዎን አይጠርጥሩ። በርካታ የአየርላንድ ቡድኖች ድምፃቸው ይበልጥ ብሩህ እንዲሆን ሁሉንም ነገር ግማሽ ድምፅ ከፍ አድርገው ይጫወታሉ፤ ቫዮሊኖቹ ከፍ ተደርገው ይቃኛሉ፣ ፍሉቶቹም በኢ ፍላት የተሠሩ ይሆናሉ። ተጫዋቹ ጣቱን በዲ ያስባል፣ የሚሰማው ግን ኢ ፍላት ነው፤ ኖታውን የጻፈው ሰው ደግሞ የጻፈው ጣቱን ተከትሎ ነው። ስለዚህ ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ፤ የማትገናኙት ግን ለዚህ ነው።

የቆዩ ሸክላዎች ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ከስላይጎ አውራጃ ተነሥቶ ኒውዮርክ የኖረው ፊድለር (የባህል ዜማ የሚጫወት ቫዮሊን ተጫዋች) ማይክል ኮልማን (እ.ኤ.አ. 1891–1945) በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ያስቀረጻቸው ሸክላዎች የአንድ ትውልድ አጨዋወት ቀርጸዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚያ ዘመን ግን የመቅረጫው ፍጥነት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አልነበረም፤ ሸክላው በደቂቃ 78 ጊዜ እየዞረ ሲሰማ ኪዩ ከእውነተኛው ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ፣ አንዳንዴም ከሁለት ኪዮች መካከል ወድቆ ይገኛል። መፍትሔው ቀላል ነው። በስልክ ላይ የሚጫኑ የሙዚቃ ማጥኛ መተግበሪያዎች ፍጥነቱን ሳይነኩ ድምፁን በግማሽ ድምፅና ከዚያም ባነሰ መጠን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ቅጂውን ወደ መሣሪያዎ አምጡት እንጂ ዊስልዎን ወደ ቅጂው ለመግፋት አይድከሙ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሁሉንም አስተካክለው ከጨረሱ በኋላም በአንዳንድ የቀድሞ ፊድለሮችና ፓይፐሮች ቅጂ ላይ ሲ የሚባለው ድምፅ አሁንም አልገጠመም ሊሉ ይችላሉ። ከሲ ከፍ ይላል፣ ሲ ሻርፕም አይደርስም። ይህ ስሕተት አይደለም፤ የድሮው አጨዋወት ያችን ድምፅ በሁለቱ መካከል ያኖራት ነበር። በፒያኖ ብቻ የሠለጠነ ጆሮ መጀመሪያ ይቆረቁረዋል፤ መሰንቆ ሲሰማ ላደገ ሰው ግን ብዙም እንግዳ አይሆንበትም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የ16 ዓመት ልጅ ነኝ፣ ቫዮሊን እየተማርኩ ነው። መምህሬ «ዘ ኬሽ»ን በጂ ካስተማረችኝ በኋላ በሌሎች ኪዮችም አጥንተሽ ነይ አለችኝ። ዜማው ያው ከሆነ ምን ይጠቅመኛል? ደግሞስ የትኛውን ኪይ ልምረጥ? — ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ልጄ፣ መምህርሽ ጥሩ ሥራ ነው የሰጠችሽ። የምትፈልገው ጣቶችሽ የለመዱት መንገድ ሲዘጋባቸው ዜማው በጆሮሽ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ማየት ይመስለኛል። ብዙ ሰው ዜማ የሚያውቅ ይመስለዋል፤ ኪይ ቀይረህ ተጫወት ሲባል ግን የሚያውቀው የጣት ቅደም ተከተል ብቻ እንደነበር ይገለጥበታል።

መጀመሪያ ወደ ሲ ውሰጂው። በጂ ስትጫወቺው የመነሻውን ጂ በዲ ክር ላይ በሦስተኛ ጣትሽ ነው የምትይዢው፤ ሲንም በጂ ክር ላይ በዚያው በሦስተኛ ጣትሽ ታገኚዋለሽ። የቫዮሊን ክሮች እርስ በርሳቸው በአምስት ድምፅ ርቀት ስለተቃኙ፣ ከአንድ ክር ወደ ታችኛው ክር ካሻገርሽው የጣትሽ አካሄድ አይለወጥም። ስለዚህ ይህ ለጣት ፈተና አይደለም፤ ለደጋን ግን ነው። ወፍራሞቹ ክሮች ለመንቃት ጊዜ ይወስዳሉ፣ በኢ ክር ላይ በቀላሉ የምታበሪያቸው ድምፆች ጂ ክር ላይ ካልተጫንሻቸው ይደበዝዛሉ። ክርንሽንም ከወትሮው ከፍ አድርገሽ መያዝ ይኖርብሻል። ዜማው በዚህ ኪይ ሲሰማ ረጋ ያለና ጎርነን ያለ ይሆናል፤ እኔ በበኩሌ ከጂው አስበልጬ እወደዋለሁ፣ ከዊስል ጋር አብሮ ለመጫወት ግን አይመችም።

ቀጥሎ ወደ ኤ አምጪው፤ እዚህ ሁሉም ነገር ይናጋል። መነሻው ባዶው የኤ ክር ይሆናል። በጂ ስትጫወቺ የመጀመሪያውን ድምፅ በሮል ማስጌጥ ትችያለሽ፤ ሮል ማለት ዋናውን ድምፅ ይዞ፣ ከላዩ ያለውን ነክቶ፣ ወደ ዋናው ተመልሶ፣ ከታቹ ያለውን ነክቶ እንደገና ዋናው ላይ ማረፍ ነው፣ ያም ሁሉ በሦስት ስምንተኛ ኖታዎች ጊዜ ውስጥ። በባዶ ክር ላይ ግን ከታች ወዳለው ድምፅ የሚወርድ ጣት የለሽም። አንዱ አማራጭ ያችኑ ኤ በዲ ክር ላይ በአራተኛ ጣት መያዝ ነው፤ ትንሿ ጣት ደካማ ስለሆነች በፍጥነት ላይ ትሰንፋለች። ሌላው አማራጭ ጣትን ትቶ በደጋን ሦስት አጫጭር ምቶችን ማንጠባጠብ ነው፤ ዜማው ጠንከርና ደረቅ ያለ ጠባይ ያገኛል። እንግዲህ አየሽ፣ ኪዩ የማስጌጫውን ዓይነት መረጠልሽ ማለት ነው። አንድ ፊድለር በጂና በኤ የተጫወተውን ያንኑ ጂግ ስትሰሚ ሁለት የተለያዩ ሰዎች የተጫወቱት የሚመስልሽ በዚህ ምክንያት ነው።

በኤ የሚገጥምሽ ሌላው ነገር በሁለተኛው ክፍል ላይ ነው። ዜማው ጫፉ ላይ ሲደርስ የሚነካው ቢ በኤ ኪይ ሲ ሻርፕ ይሆናል፤ ይህ ደግሞ እጅሽን ከመጀመሪያው ቦታ ካላነሳሽ አይደረስበትም። እጅሽን ወደ ላይ ከማንሸራተት ይልቅ ሐረጉን አጥፈሽ ባለሽበት ቦታ የሚያልፍ አንድ መንገድ ራስሽ ፈልጊ፤ ነባር ፊድለሮች እንዲህ ያለውን በየዙሩ ያደርጉታል፣ አንዳንዴም ዝነኛ የሆነ የዜማ ቅርንጫፍ የሚወለደው ከዚህ ዓይነት ማምለጫ ነው። ማካካሻም አለሽ። በኤ ስትሆኚ ባዶዎቹ የኤና የኢ ክሮች ከዜማው ጋር አብረው እንዲያስተጋቡ ማድረግ ትችያለሽ፤ የስኮትላንድና በካናዳ የኬፕ ብሬተን ፊድለሮች ኤን እጅግ የሚወዱት አንድም ለዚህ ነው።

አሠራሩን በተመለከተ፣ ዜማውን በአዲሱ ኪይ ወረቀት ላይ አትጻፊው። አንዱን ሐረግ በአፍሽ አዚሚው፣ አዲሱን ማረፊያ በመሣሪያው ላይ ፈልጊ፣ ከዚያ ሐረጉን ሙዪው። ሜትሮኖምሽን በደቂቃ 80 ምት ላይ አድርጊው፣ አንዱ ምት ሦስት ስምንተኛ ኖታዎችን የሚይዝ ሆኖ። ኤፍና ቢ ፍላትን ለጊዜው ተያቸው። ጣትሽ ሲፈታ ግን የምሥራቅ ጎልዌዩን ፊድለር የፓዲ ፌሂን ዜማዎች ፈልገሽ አድምጪ፤ ሜጀር ናቸው ወይስ ማይነር ብለሽ ሳትወስኚ የሚያልቁ፣ ከፈጣሪያቸው ስም ሌላ ስም ያልተሰጣቸው ጂጎችና ሪሎች (ሌላ ዓይነት የዳንስ ዜማዎች) ናቸው።

ጥያቄ፦ በስኮትላንድ ባግፓይፕ ኖታ ላይ ኤ ተብሎ የተጻፈው በፒያኖ ስሞክረው ቢ ፍላት ይሆንብኛል። የቱ ነው ትክክል? — ከለንደን

መልስ፦ ሁለቱም። ኖታው የሚጻፈው በኤ ነው፣ መሣሪያው ግን ዛሬ ከፒያኖው ቢ ፍላት እንኳ ትንሽ ከፍ ብሎ ይሰማል። የስኮትላንዱ ባግፓይፕ ከዝቅተኛው ጂ እስከ ከፍተኛው ኤ ድረስ ዘጠኝ ድምፆች ብቻ አሉት፤ ሲና ኤፍ ሻርፕ ናቸው፣ ጂ ግን ሻርፕ አይደለም፣ ስለዚህ ስኬሉ ኤ ሚክሶሊዲያን ይሆናል። ፓይፐሩ በእነዚሁ ዘጠኝ ድምፆች ዲ ሜጀር ወይም ቢ ማይነር የሆነ ጂግ ሊጫወት ይችላል፤ ከትከሻው ላይ የሚያስተጋቡት ሦስቱ ቱቦዎች ግን ዜማው የትም ቢያርፍ ከኤ አይነቃነቁም። በቢ ማይነር ጂግ ላይ የምትሰማው ያች ደስ የምትል መጎርበጥ የምትመጣው ከዚህ ነው።

ጥያቄ፦ መሣሪያ አልጫወትም፣ ማዳመጥ ብቻ ነው የምወደው። በአንድ ቅጂ ውስጥ ሁለት ሦስት ጂግ ተከታትሎ ሲመጣ አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር ይጠፋብኛል። ኪይ መቀየሩንስ ያልተማረ ጆሮ ይለየዋል? ምቱ ደግሞ የእኛን ችክችካ ለምን ይመስለኛል? — ከዱባይ

መልስ፦ ይለየዋል፣ መቁጠር ከጀመሩ ማለቴ ነው። የተለመደው ጂግ ሁለት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ክፍል ስምንት ባር (አንዱ ባር ሁለት የእግር ምት ነው) ሲሆን ሁለት ሁለት ጊዜ ይደገማል፣ ስለዚህ አንዱ ዙር 32 ባር ይሆናል። በተለመደው የሴሽን ፍጥነት ይህ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ዜማው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ይሄድና ያለ አንዳች እረፍት ወደ ሚቀጥለው ጂግ ይሻገራል። እንግዲህ ቅጂው ከተጀመረ አንድ ወይም አንድ ተኩል ደቂቃ ገደማ ሲሆን ጆሮዎን ያንቁ። አንድ ዘዴ ልንገርዎ፦ ዙሩ ሲያልቅ ዜማው የሚያርፍበትን ድምፅ በአፍዎ እያንጎራጎሩ ይያዙት። ጂጉ ሲቀየር ያች ድምፅ ከዜማው ጋር መስማማት ካቆመች ወይም ዜማው እርሷን ትቶ ሌላ ቦታ ካረፈ ኪዩ ተቀይሯል ማለት ነው።

ደስታውም ያለው እዚችው መሻገሪያ ላይ ነው። ከጂ ወደ ኢ ማይነር ሲኬድ ድምፆቹ ስለማይለወጡ ሽግግሩ ለስላሳ ነው፤ ብርሃኑ ብቻ ይደበዝዛል። ከዲ ወደ ኤ ሲኬድ ግን ሙዚቃው ከመቀመጫው ብድግ ያለ ያህል ይሰማል፣ በሴሽን ላይ ሰዎች ድንገት የሚጮኹትም ብዙውን ጊዜ በዚህ ዓይነት ቦታ ነው። ስለ ምቱ የታዘቡት ትክክል ነው፤ ሁለቱም በስድስት ስምንተኛ ይቆጠራሉ። ጂግ ግን ስድስቱን በሁለት ከፍሎ የየሦስቱን መጀመሪያ አጥብቆ ይረግጣል፤ በእኛ ችክችካ ከበሮው ብዙ ጊዜ ሁለትንና ሦስትን እያጋጨ ይጫወትበታል። ባጨበጨቡ ቁጥር የሚሳሳቱ ከሆነ ደግሞ የያዙት ስሊፕ ጂግ ሊሆን ይችላል፤ እርሱ በዘጠኝ ስምንተኛ ስለሚሄድ በየባሩ ሦስት ጊዜ ነው የሚጨበጨበው።

ጥያቄ፦ በቤተ ክርስቲያናችን የመዝሙር ቡድን ውስጥ ኪቦርድ እጫወታለሁ። ደብሊን ከመጣሁ ወዲህ አንድ ሴሽን ላይ እንድሳተፍ ፈቅደውልኝ ነበር፤ ነገር ግን «ባኒሽ ሚስፎርቹን»ን ሲጫወቱ ኮርዴ እንደማይስማማ በትሕትና ነገሩኝ። በዲ እንደሆነ ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ፣ እኔም ዲ፣ ጂ እና ኤ ነው የተጫወትኩት። ምን አጠፋሁ? — ከደብሊን

መልስ፦ ያስቸገረው ኤ ሜጀር ነው። በሴሽን ላይ «በዲ ነው» ሲሉ ብዙ ጊዜ የሚነግሩዎት ማረፊያውን ብቻ ነው፤ ቅኝቱን ራስዎ በጆሮዎ እንዲያገኙት ይጠበቃል። ይህ ጂግ ዲ ሚክሶሊዲያን ስለሆነ ሲ በውስጡ ሻርፕ አይደለም፤ የእርስዎ ኤ ሜጀር ኮርድ ግን ሲ ሻርፕን ይዞ ይገባል፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሲሰሙ ይጋጫሉ። በኤ ምትክ ሲ ሜጀርን ይሞክሩ፣ ወይም ኤ ማይነርን። በኢ ዶሪያን ለሚሄዱት፣ ለምሳሌ ለ«ሞሪሰንስ»፣ ኢ ማይነርና ዲ ብቻ አብዛኛውን መንገድ ይወስዱዎታል፤ ቢ ሰባተኛን ከዚያ ያርቁት፣ ዜማው የማያውቀውን ዲ ሻርፕ ያመጣልና። በኤ ዶሪያን ደግሞ ኤ ማይነርና ጂ። በሜጀርና በማይነር መካከል ጥርጣሬ ሲገባዎት የኮርዱን መካከለኛ ድምፅ አውጥተው መነሻውንና አምስተኛውን ብቻ ይያዙ። ጊታሪስቶቹ ክራቸውን ዲ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ኤ፣ ዲ አድርገው የሚቃኙት በአመዛኙ ለዚሁ ነው፤ ባዶ ክሮቹ ሜጀርም ማይነርም አይሉም።

ኪቦርድ በዚህ ሙዚቃ ውስጥ ባዳ ነው ብለው አይሸማቀቁ። በክሌር አውራጃ እ.ኤ.አ. በ1946 የተመሠረተውን የቱላ ኬሊ ባንድን የመሰሉ የዳንስ ባንዶች ፒያኖን የምታቸው ምሰሶ አድርገውታል፤ ዛሬ ያለ እርሱ ሴሽን የማይታሰበው የሚመስለው ቡዙኪ (ረጅም አንገት ያለው የግሪክ ባለ ክር መሣሪያ) እንኳ ወደ አየርላንድ ሙዚቃ የገባው በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው፣ ያስገባውም ጆኒ ሞይኒሃን ነው። በጂግ ላይ አንዱ የታወቀ የፒያኖ አካሄድ ግራ እጅ በ1ኛውና በ4ኛው ስምንተኛ ኖታ ላይ ቤዝ ሲመታ፣ ቀኝ እጅ በ3ኛውና በ6ኛው ላይ አጭር ኮርድ የሚጥልበት ነው። ፔዳሉን አይርገጡ፤ የተዘረጋ ስትሪንግ ድምፅም አይምረጡ፣ ለመዝሙር የሚያምረው ያ መጎናጸፊያ ጂግን ያፍነዋል። ኪዩን በአንድ ጊዜ የምታዛውረውን ትራንስፖዝ ቁልፍ በተመለከተ፣ እኛ ኪቦርዲስቶች የምንወዳት ወዳጃችን ናትና አልከለክልዎትም፤ በኢ ፍላት ለሚጫወት ቡድን ግማሽ ድምፅ ከፍ አድርገው በዲ ጣት መጫወት ፍጹም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ተከታትለው በሚመጡ ጂጎች ስብስብ ውስጥ ከጂ ወደ ኢ ዶሪያን፣ ከዚያም ወደ ኤ ሲሻገሩ ቁልፏን ለመንካት ጊዜ አይኖርዎትም፤ እነዚህን ኪዮች በእጅዎ ይወቋቸው።

ስለ ሥርዓቱም አንድ ነገር ልበል። በአንድ ሴሽን ላይ ኮርድ የሚይዝ አንድ ሰው ከተቀመጠ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ እጁን ያሳርፋል፤ ሁለት ሰው በአንድ ዲ ሚክሶሊዲያን ላይ ሁለት ዓይነት ኮርድ ሲያስብ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም። ጊታር የያዘ ሰው ካለ መጀመሪያ ይጠይቁት፣ ተራ ተራ ለመጫወትም ይስማሙ። ጂጉን የማያውቁት ከሆነ የመጀመሪያውን ዙር ሙሉ በሙሉ ዝም ብለው ይስሙ፣ በሁለተኛው ቤዙን ብቻ ይሞክሩ፣ በሦስተኛው ኮርዱን ይጨምሩ። ከዚያ በኋላ የሚቀጥለው ጂግ በየትኛው ኪይ እንደሆነ ለማወቅ ዜማውን የሚመራውን ሰው ፊት ይመልከቱ፤ ብዙዎቹ ዙሩ ሊያልቅ ጥቂት ባር ሲቀረው የኪዩን ስም ጮክ ብለው ይናገራሉ፣ ወይም በከንፈራቸው ያሳያሉ።